ስንተኛ ዲግሪ? ወይስ ምን ዓይነት ዲግሪ?

ከስፕሪንግፊልድ፣ ቨርጂኒያ

በዋሽንግተንና በአካባቢው የምንኖር ኢትዮጵያውያን ለትምህርት ያለን ፍቅር የሚያስመሰግን ነው። ቀን ታክሲ እየነዳ ማታ የተማረ፣ በሁለት ሥራ ልጆቹን ዩኒቨርሲቲ ያስገባ፣ በሃምሳ ዓመቱ እንደገና ደብተር የያዘ ወገን በየሰፈሩ አለ። ይህንን ጥረት ማጣጣል የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለም። ዓላማው ጥረቱ የሚባክንበትን አንድ ቀዳዳ ማሳየት ነው። ቀዳዳው ደግሞ በየምርቃት ድግሱ፣ በየለቅሶ ቤቱና በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሁላችንም የምንጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ "ስንተኛ ዲግሪህን ያዝክ?"

የመጀመሪያውን የጨረሰ ወጣት "ሁለተኛውንስ መቼ ትጀምራለህ?" ይባላል። ሁለተኛውን የያዘችው ደግሞ "ሦስተኛውን ምነው ተውሽው?" ትባላለች። "በምን? ለምን ሥራ? በማን ገንዘብ?" የሚል ጠያቂ ከመቶ አንድ ቢገኝ ነው። ውድ አንባብያን፣ ይህ ልማድ ከተራ ወሬነት አልፎ ቤተሰብን ዕዳ ውስጥ የሚከት፣ ሰውን ከሙያው የሚያርቅ፣ አገር ቤት ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎችን በወረቀት ብቻ የሚሞላ ሆኗል ብል አጋነንክ የምትሉኝ አይመስለኝም። ምክንያቱን ላስረዳ። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቁጥሩ ከየት መጣ?

እንግሊዝኛው "ባችለር፣ ማስተር፣ ዶክተር" ብሎ ለየአንዳንዱ ስም ይሰጣል። አማርኛችን ግን "አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ" ብሎ ይቆጥራል። ነገር በቁጥር ሲጠራ አእምሯችን መሰላል ያያል፤ መሰላል ላይ የቆመ ሰው ደግሞ ቀጣዩን እርከን ይረግጣል እንጂ "ይህ መሰላል የት ያደርሰኛል?" ብሎ አይጠይቅም።

ይህ አቆጣጠር ከጥንቱ ትምህርታችን የመጣ አይደለም። የአብነት ትምህርት ቤቱ ትምህርትን የሚጠራው በይዘቱ ነው፤ ንባብ ቤት፣ ዜማ ቤት፣ ቅኔ ቤት፣ አቋቋም ቤት፣ መጻሕፍት ቤት ይላል። ድጓ ለማስመስከር የፈለገ ደቡብ ጎንደር ቤተ ልሔም ይሄዳል። ዝማሬና መዋሥዕት የፈለገ ወደ ዙር አምባ፣ ቅኔ የጠማው ወደ ዋሸራ፣ ወደ ጎንጅ ወይም ወደ ዋድላ፣ ቅዳሴውን ጠንቅቆ ማወቅ የፈለገም ወደ ደብረ ዓባይ ወይም ወደ ሰለልኩላ ያቀናል። በርግጥ ቅደም ተከተል አለው፤ ንባብ ሳይለይ ቅኔ የሚቆጥር የለም። ሆኖም "ሁለተኛውን ቤት ጨረስኩ" የሚል የቆሎ ተማሪ ተሰምቶ አይታወቅም። የድጓው መምህርና የቅኔው መምህር አንዱ በሌላው ላይ የተደረበ ፎቅ አይደሉም፤ እያንዳንዱ በየሙያው ይከበራል። ማረጋገጫውም ማስመስከር ነው፤ በሊቃውንቱ ፊት ቀርቦ ያወቁትን ማሳየት። "ከመጠምጠም መማር ይቅደም" የሚለው ተረታችን የተወለደው እዚያ ነው።

ቁጥሩ የመጣው ከዘመናዊው ዩኒቨርሲቲ ጋር ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥራ የጀመረው በ1950 ነው። የድኅረ ምረቃ ትምህርት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በተደራጀ መልኩ የተጀመረው ግን በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ የፒኤችዲ ፕሮግራም ደግሞ በ1987 ነው። በመሐል ባሉት ሠላሳ ዓመታት ገደማ ሁለተኛና ሦስተኛ ዲግሪ የሚፈልግ ሰው ባሕር መሻገር ነበረበት። እንግዲህ "ሁለተኛ ዲግሪ አለው" ማለት "ውጭ ደርሶ የተመለሰ" ማለት ሆነ፤ ቁጥሩ የትምህርቱን ዓይነት ሳይሆን የተኬደበትን ርቀት መለኪያ ሆኖ ቀረ። በዚያ ዘመን ይህ መለኪያ ለይቶ ይናገር ይሆናል። ዛሬ ግን በኢንተርኔት ከሳሎን ሆኖ ማስተርስ በሚያዝበት ጊዜ ቁጥሩ ብቻውን ምንም አይነግረንም።

በአንድ ስም የተጠሩ ልዩ ልዩ ነገሮች

"ሁለተኛ ዲግሪ" በምንለው ስም ሥር እዚህ አሜሪካ ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ነገሮች አሉ። አንደኛው ኮርስ ብቻ ተወስዶ የሚጨረስ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሠላሳ ክሬዲት ገደማ የሆነ፣ በሥራ ላይ ላለ ባለሙያ የተዘጋጀ ነው። ለምሳሌ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ማስተር ኦፍ ኢንጂነሪንግ የሚለው ይህንን ነው። ሁለተኛው ምርምርና የመመረቂያ ጽሑፍ ያለበት ማስተር ኦፍ ሳይንስ ነው፤ ዓላማው ተማሪው ጥያቄ አንሥቶ፣ መርምሮ፣ ጽፎ መከላከል እንዲችል ማድረግ ነው። ሦስተኛው እንደ ኤም ቢ ኤ ያለው ነው፤ ይህ ደግሞ ልምድ ያለው ሰው ሌሎችን ለማስተዳደር የሚማረው እንጂ የመጀመሪያው ዲግሪ ቅጥያ አይደለም። ሦስቱም "ሁለተኛ" ይባላሉ። ፒኤችዲ ለመግባት ያሰበ ሰው የመጀመሪያውን ከወሰደ ምርምር ሳያይ ይመረቃል። ደመወዙን ለማሻሻል የፈለገ ሰው ሁለተኛውን ከወሰደ ደግሞ ማንም አሠሪ በማይጠይቀው የመመረቂያ ጽሑፍ ሁለት ዓመት ያሳልፋል።

ከዚህ የባሰ ዋጋ የሚያስከፍለው ግን "ሦስተኛ" የሚለው ቃል ነው። ሦስተኛ ከተባለ ሁለተኛው መቅደም አለበት ብለን እናምናለን። አገር ቤትም ሆነ በአብዛኛው አውሮፓ እውነት ነው። አሜሪካ ውስጥ ግን በምህንድስናና በሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ተማሪ በቀጥታ ፒኤችዲ መግባት ይችላል። የገባውም ብዙውን ጊዜ የትምህርት ክፍያው ይሸፈንለታል፤ በምርምር ወይም በማስተማር ረዳትነት እየሠራ ወርኃዊ ክፍያ ያገኛል። በመንገዱ ላይም ማስተርሱን ያገኛል። በጥቅሉ ሲታይ የኮርስ ማስተርስ ዩኒቨርሲቲው ገንዘብ የሚያስገባበት ነው፤ ፒኤችዲ ደግሞ ገንዘብ የሚያወጣበት ነው። ይህንን ያልሰማ ወላጅ ቤቱን አስይዞ ጭምር የልጁን ማስተርስ ይከፍላል፤ ልጁ ወደ ፒኤችዲው የሚያደርሰውን እርከን የገዛ ይመስለዋል። በነጻ የሚከፈት በር አጠገቡ እያለ ማለት ነው። መሰላሉ በአሜሪካ ሳይሆን በእኛ ቋንቋ ውስጥ ነው ያለው።

ይህ ማለት ሁሉም ሰው ፒኤችዲ ይግባ ማለት አይደለም። ፒኤችዲ የምርምር ሥልጠና ነው። አምስትና ስድስት ዓመት ይፈጃል፤ በዚያ ጊዜ የሚቀረው ደመወዝም ራሱ ትልቅ ዋጋ ነው። አዲስ ዕውቀት መፈለግን የዕድሜ ሥራው ለማድረግ ለቆረጠ ሰው ከዚህ የተሻለ የለም። በስብሰባ ማስታወቂያ ላይ ከስሙ በፊት "ዶ/ር" እንዲጻፍለት ለሚፈልግ ሰው ግን እጅግ ውድ የሆነ ሁለት ፊደል ነው።

የምኖርበትን ስፕሪንግፊልድን የሚያውቅ አንባቢ "ሚክሲንግ ቦውል" የምንለውን የመንገዶች መገናኛ ያውቀዋል። 95፣ 395 እና 495 ቁጥር አውራ ጎዳናዎች የሚገናኙበት ነው። ከ1999 እስከ 2007 ድረስ በብዙ መቶ ሚሊዮን ዶላር እንደገና ሲሠራ ዋናው ሐሳብ ቀላል ነበር፤ ረጅም መንገድ የሚሄደውንና የሰፈሩን መኪና አስቀድሞ መለያየት። ሁለቱ በአንድ መስመር ላይ ሲተራመሱ አደጋውም መጨናነቁም በዝቶ ነበርና። ወደ ሪችመንድ የሚሄድ ሰው በአሌክሳንድሪያው መስመር የቱንም ያህል ቢፈጥን ሪችመንድ አይደርስም። የድኅረ ምረቃ ትምህርትም ከዚህ አይለይም፤ መስመሩ የሚመረጠው ከመገንጠያው በፊት ነው።

ዲግሪ ሌላ፣ ፈቃድ ሌላ

በዚህ ረገድ የመሐንዲሶችን ነገር በቅርብ ስለማውቀው ትንሽ ልቆይበት። ከአምስት ኪሎው ቴክኖሎጂ ፋኩልቲ፣ ከባሕር ዳርና ከሌሎችም ተመርቀው እዚህ የመጡ ብርቱ ሰዎች አሉ። ብዙዎቹ ሙያቸውን ለማስመለስ ሲያስቡ መጀመሪያ የሚታያቸው ሌላ ማስተርስ መጨመር ነው። እንደ ድልድይ፣ ሕንፃና የውኃ መስመር ባለ የሕዝብ ደኅንነት በሚነካ ሥራ ላይ ግን ሕጉ የሚጠይቀው ሌላ ነገር ነው። ንድፉን በማኅተሙ የሚያጸድቀው ፒኢ የሚባለው የሙያ ፈቃድ ያለው መሐንዲስ ነው። የተለመደው መንገድ ዕውቅና ካለው ፕሮግራም የተገኘ ወይም እኩያነቱ የተረጋገጠ የመጀመሪያ ዲግሪ፣ የምህንድስና መሠረታዊ ፈተና፣ አራት ዓመት ገደማ የሥራ ልምድ፣ በመጨረሻም የሙያው ፈተና ነው። ፒኤችዲ ያለው ግን ፈቃድ የሌለው ሰው ማኅተም የለውም። ፈቃድ ያለው የመጀመሪያ ዲግሪ ባለቤት ግን አለው።

የፈቃድ ሰጪ ቦርዶቹ ኅብረት የሆነው ኤንሲዪኢኤስ ራሱ ይህንን ጥያቄ አንሥቶ ያውቃል። በ2006 ለግዛቶች አርአያ እንዲሆን በሚያዘጋጀው ሕግ ውስጥ ከመጀመሪያ ዲግሪ በላይ ሠላሳ ክሬዲት ይጠየቅ የሚል አንቀጽ ጨምሮ ነበር። ዓመታት ከፈጀ ክርክር በኋላ አንቀጹ ሥራ ላይ ሳይውል ወጣ። ፈቃድ ሰጪዎቹ የተውትን ሁለተኛ ዲግሪ እኛ በራሳችን ላይ ጭነነዋል ማለት ነው። ከውጭ የመጣ ዲግሪ ሲመዘን ብዙ ጊዜ ጎደለ የሚባለው የተወሰነ የሒሳብና የመሠረታዊ ሳይንስ ክሬዲት ነው። ያ ደግሞ በኖቫ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ በጥቂት ገንዘብ ሊሞላ የሚችል ነው። ማስተርሱ ጉድለቱን ሳይነካው ሊያልፍ ይችላል፤ ጣሪያው የሚያፈስ ሰው ግድግዳ ቀለም ቢቀባ ምን ይጠቅመዋል?

የሂሳብ ባለሙያዎቻችንም እንዲሁ ናቸው። ለሲፒኤ ፈቃድ 150 ክሬዲት ሲጠየቅ ብዙዎች "ማስተርስ ግድ ነው" ብለው ገቡ። ሕጉ ክሬዲት አለ እንጂ ማስተርስ አላለም። በ2025 ደግሞ ኦሃዮና ቨርጂኒያን ጨምሮ በርካታ ግዛቶች የመጀመሪያ ዲግሪና የሁለት ዓመት ልምድ ያለው ፈተናውን ካለፈ ፈቃድ የሚያገኝበትን መንገድ በሕግ ከፈቱ። ጎረቤቱ ስንተኛ እንደደረሰ ከመቁጠር ይልቅ የሙያውን ሕግ ያነበበ ሰው ሁለት ዓመትና ብዙ ሺህ ዶላር ያተርፋል።

"ዶክተር" ስንል ማንን ነው?

"ሦስተኛ" የሚለው ስም የሚደብቀው ሌላም ልዩነት አለ። የሐኪሙ ኤምዲ፣ የፋርማሲስቱ ፋርምዲ፣ የሕግ ባለሙያው ጄዲ ሁሉም በስማቸው ውስጥ ዶክተር የሚል ቃል አላቸው። ሦስቱም ወደ ሙያ የሚያስገቡ ዲግሪዎች እንጂ የምርምር ዲግሪዎች አይደሉም። ጠበቃውን ማንም "ዶክተር" ብሎ አይጠራውም፤ እሱም አይከፋውም። በምህንድስናም ጆርጅ ዋሽንግተንና ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲዎች ከፒኤችዲው ሌላ ዶክተር ኦፍ ኢንጂነሪንግ የሚባል በተግባር ችግር ላይ ያተኮረ ዲግሪ ይሰጣሉ። ሁለቱ መንታ አይደሉም፤ አንዱ ለላብራቶሪና ለማስተማሪያ ክፍል፣ ሌላው ለኢንዱስትሪ መሪነት ነው።

በዚህ አካባቢ ብዙ ወገኖቻችን የተሰማሩበትን ነርሲንግን እንመልከት። የኖቫ የሕክምና ትምህርት ካምፓስ እዚሁ ስፕሪንግፊልድ ነው፤ ስንቱ እናትና አባት ከዚያ ወጥቶ ቤተሰብ አቁሟል። ነርሷ ወደፊት ልትቀጥል ስትነሣ የሚቀርብላት ብዙ ነው። የነርሲንግ ኮሌጆች ማኅበር በ2004 የነርስ ፕራክቲሽነር ትምህርት እስከ 2015 ድረስ ወደ ሙያዊ ዶክትሬት (ዲኤንፒ) እንዲያድግ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ሐሳቡ ግን ግዴታ አልሆነም፤ ዛሬም በማስተርስ የነርስ ፕራክቲሽነር ፈቃድ ይገኛል። የማደንዘዣ ነርስ መሆን ለሚፈልግ ግን ከ2022 ጀምሮ የሚገባ ተማሪ በዶክትሬት ደረጃ መመረቅ አለበት። ነርሲንግን መመራመርና ማስተማር የፈለገች ደግሞ ፒኤችዲ ያስፈልጋታል። እንግዲህ "ሦስተኛ ያዢ" የሚለው ምክር ለሦስቱ ሰዎች ሦስት የተለያየ ትርጉም አለው፤ ለአንደኛዋ ትርፍ ወጪ፣ ለሁለተኛው ግዴታ፣ ለሦስተኛዋ የሕይወት ጥሪ ነው።

ዓይነቱን መለየት ካሁን በኋላ የምርጫ ጉዳይ ብቻም አይደለም። በጁላይ 2025 የወጣው የፌዴራል ሕግ ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለሚገቡ አዲስ ተበዳሪዎች ግራድ ፕላስ የሚባለውን ብድር አስቀርቷል። ለተራ የድኅረ ምረቃ ተማሪ በዓመት 20,500፣ በጠቅላላው 100,000 ዶላር ጣሪያ ተቀምጧል። "ፕሮፌሽናል" ለተባለ ዲግሪ ደግሞ በዓመት 50,000፣ በጠቅላላው 200,000 ዶላር ነው። በ2025 መጨረሻ የትምህርት መሥሪያ ቤቱ ባቀረበው ትርጓሜ ሕክምና፣ ሕግና ፋርማሲ ከፕሮፌሽናሎቹ ሲመደቡ ነርሲንግ ከዝርዝሩ ውጭ መሆኑ ትልቅ ክርክር አስነሥቷል። "ዶክትሬት" የሚለው ስም ብቻውን ወደ ከፍተኛው ብድር አያስገባም ማለት ነው። የትኛው ዶክትሬት እንደሆነ ያልጠየቀ ሰው መሐል መንገድ ላይ ገንዘቡ ያልቅበታል።

አገር ቤት ያለው ቆጠራ

ይህ በሽታ የስደት ብቻ ቢሆን ኖሮ በተጽናናን። አገር ቤት ግን ፖሊሲ ሆኗል። ዩኒቨርሲቲዎች ከጥቂት ወደ አርባ በላይ ባደጉበት ዘመን የትምህርት ዘርፍ ልማት መርሐ ግብሮቻችን የመምህራንን ጥራት የለኩት በአንደኛ፣ በሁለተኛና በሦስተኛ ዲግሪ መቶኛ ነበር። የመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ ያለው መምህር ዜሮ እንዲሆን እስከመታቀድ ተደረሰ። ዓላማው ክፉ አልነበረም። ነገር ግን የሚለካው ቁጥር ሲሆን የሚመረተውም ቁጥር ይሆናል። ኮንክሪት ሲፈስ ያላየ ሰው የኮንክሪት ኮርስ ያስተምራል፤ ማስተርሱ ግን አለው፣ ሰንጠረዡም ይሞላል። ሃያ ዓመት መንገድ የሠራ የመጀመሪያ ዲግሪ መሐንዲስ ደግሞ በሰንጠረዡ ውስጥ ቦታ የለውም።

ከ2005 ጀምሮ የምህንድስና ትምህርታችንን ለማሻሻል በተቋቋመው ፕሮግራም ጀርመኖች አጋሮቻችን ነበሩ። በጀርመን የተግባር ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ለመሆን ከዶክትሬቱ ጋር ቢያንስ ሦስት ዓመት ከዩኒቨርሲቲ ውጭ የተሠራ የሙያ ልምድ ይጠየቃል። ማስተማርም መሥራትም ይመዘናል። ከእነርሱ ልንወስደው ይገባን የነበረው ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ዓይነትን ያለመለየት ጥፋት በ2010 በግልጽ ታየ። በዚያ ዓመት መንግሥት የርቀት ትምህርትን በጅምላ አገደ። ጥራት የሌለው የርቀት ትምህርት መብዛቱ እውነት ነበር። ነገር ግን የታገደው መጥፎው ትምህርት ሳይሆን "ርቀት" የሚለው ስም ነው። ምጸቱ ደግሞ የመንግሥቱ መሪ ራሳቸው የርቀት ትምህርት ምሩቅ መሆናቸው ነው። አቶ መለስ ዜናዊ በ1995 ከእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ በርቀት ኤም ቢ ኤ ይዘዋል፤ በ2004 ደግሞ ከሮተርዳሙ ኢራስመስ ዩኒቨርሲቲ በኢኮኖሚክስ ማስተርስ አግኝተዋል። ስለ ፖለቲካቸው ያለንን ጠብ ለሌላ ቀን እናቆየውና፣ ምርጫው ትክክለኛ ነበር። ቀድሞ በማስተዳደር ላይ ላለ ሰው ሥራውን ሳይለቅ የሚማረው የአስተዳደር ዲግሪ በዓይነቱ የሚገጥም ነው። ለራሳቸው ያወቁትን ልዩነት ለሕዝቡ ቢያውቁለት ኖሮ እገዳው ጅምላ ባልሆነ ነበር። በኋላም ከድርድር በኋላ እገዳው ላልቷል።

ከ2023 ወዲህ ለድኅረ ምረቃ መግቢያ አገር አቀፍ ፈተና ተጀምሯል። መልካም ነው። ይሁን እንጂ ፈተናው "ይችላል ወይ?" ብሎ ይጠይቃል እንጂ "ለየትኛው?" ብሎ አይጠይቅም።

"ቁጥሩ እንጀራ ያበላል" ለሚሉ

እዚህ ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ፤ ተቃውሞውም ባዶ አይደለም። ዋሽንግተን የፌዴራል መንግሥት ከተማ ናት። በፌዴራል የደመወዝ ደረጃ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው በጂኤስ 5 ወይም 7፣ ማስተርስ ያለው በ9፣ ፒኤችዲ ያለው በ11 ለመጀመር ብቁ ይሆናል። "ቁጥሩ አይጠቅምም ትላለህ፤ ይኸው በጽሑፍ ተቀምጧል" ይሉኛል። ትክክል ነው። ግን ያንኑ ሠንጠረዥ እስከ ታች እናንብበው። ለእነዚሁ ደረጃዎች ከታች ባለው ደረጃ የተሠራ የአንድ ዓመት ተገቢ ልምድ ዲግሪውን ሊተካ ይችላል። ከ11 በላይ ደግሞ በአብዛኛው የሚጠየቀው ልምድ ነው። ዲግሪው መግቢያ በር ነው፤ አንዴ ከገቡ በኋላ በሩን ተሸክሞ መዞር አያስፈልግም። በ2025 በፌዴራል መሥሪያ ቤቶች በደረሰው የሠራተኛ ቅነሳ ወቅትም ባለ ማስተርሱም ባለ ዶክትሬቱም አብሮ መሰናበቱን በዚህ አካባቢ የሚኖር ሁሉ አይቷል።

ቁጥር ብቻ የሚፈልግ ሰው ደግሞ ቁጥር ብቻ የሚሸጥለት አያጣም። ከእኔ ሰፈር ጥቂት ማይል ርቆ አናንዴል ላይ የኖርዘርን ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ የሚባል ተቋም ነበር። በ2008 ዕውቅናውን ተነጠቀ፤ በ2011 የኢሚግሬሽን መርማሪዎች ገብተው ፈተሹት፤ በ2013 ተዘጋ። ዕውቅና ሰጥቶት የነበረው አሲክስ ራሱ በ2022 በፌዴራል መንግሥት ዘንድ የነበረውን ተቀባይነት ለመጨረሻ ጊዜ አጣ። ተማሪዎቹ "ሁለተኛ ዲግሪ" ብለው ነበር የገቡት። የኤች 1ቢ ቪዛን በተመለከተም ለአሜሪካ ማስተርስ ባለቤቶች የተለየው 20,000 ቦታ ከመንግሥት ወይም ለትርፍ ካልቆመ፣ ዕውቅና ካለው ተቋም ለተመረቀ ብቻ ነው። ለትርፍ ከተቋቋመ ትምህርት ቤት የተገኘ ማስተርስ በእኛ አቆጣጠር "ሁለተኛ" ነው፤ በሕጉ ዘንድ ግን ለዚያ ቦታ አይቆጠርም። "በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ" ይሏል እንዲህ ነው።

ምን ይደረግ?

መፍትሔው አዲስ ኮሚቴ ወይም አዲስ ማኅበር አይጠይቅም። የምንጠይቀውን ጥያቄ መለወጥ ይበቃል። ልጁ፣ ወንድሟ ወይም ራሱ ድኅረ ምረቃ ያሰበ ሰው ማመልከቻ ከመሙላቱ በፊት አምስት ነገር ይጠይቅ።

አንደኛ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ጧት ተነሥቼ የምሠራው ሥራ ምንድን ነው? ሁለተኛ፣ ያንን ሥራ የሚሠሩት ሰዎች ምን ይዘው ገቡ፤ ዲግሪ ነው፣ ፈቃድ ነው ወይስ ልምድ? ሦስተኛ፣ የሚያስፈልገው ዲግሪ ከሆነ የኮርስ ነው፣ የምርምር ነው ወይስ የሙያ? አራተኛ፣ ማን ይከፍላል? የምርምር ዲግሪ ከሆነ ዩኒቨርሲቲው እንዲከፍል ይጠየቅ። ሥራ ላይ ያለ ሰው ከሆነ ደግሞ አሠሪው በዓመት እስከ 5,250 ዶላር ድረስ ከግብር ነጻ ለትምህርቱ ሊከፍልለት እንደሚችል ይወቅ፤ ብዙ ሰው ሳይጠይቅ የሚያልፈው ገንዘብ ነው። አምስተኛ፣ ተቋሙን ማን አወቀው፤ ያወቀውንስ ማን አወቀው?

ለምሁራኖቻችንም አንድ ቃል አለኝ። በዩኒቨርሲቲዎች የምታስተምሩ፣ በቤተ ሙከራ የምትመራመሩ ወገኖች መንገዱን ሄዳችሁበታል። በገዛ ቤታችን ግን ስለ አገር ፖለቲካ ስትናገሩ እንጂ ስለዚህ ስትናገሩ ብዙም አልሰማንም። ፒኤችዲ ማን እንደሚከፍለው፣ ምን እንደሚያስቀር፣ ለማን እንደማይሆን ከእናንተ የተሻለ የሚያስረዳ የለም። በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ፣ በየኮሚዩኒቲ ማዕከሉ በዓመት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ብትሰጡን ከብዙ የአዳራሽ ንግግር የበለጠ ቤት ታቆማላችሁ።

የክብር ዶክትሬት የምንሰጣቸው ሰዎች አንድ ነገር ሊያስተምሩን ይገባል። ጥላሁን ገሠሠንና ኃይሌ ገብረ ሥላሴን ዩኒቨርሲቲ ያከበራቸው ድምፁና ሩጫው ከታየ በኋላ ነው። ሥራው ቀደመ፣ ስሙ ተከተለው። በትምህርትም ቢሆን ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው፤ አስቀድሞ ሥራው ይታወቅ፣ ከዚያ ለሥራው የሚሆነው ዲግሪ ይመረጥ፣ መጠሪያው በራሱ ጊዜ ይመጣል።

ቸር ይግጠመን።